ቀሪውን ስመጣ

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው ተረት የተተረተው እንደ እኔ ላለ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ለመሆኑ ዓለም ላይ የሚያስፈራ ነገር ጠፍቶ ነው? ኑሮው ያስፈራል፣ ሐኪም መነጽሩን አውልቆ ዝም ሲል ያስፈራል፣ አከራይ ያለ ቀኑ ደጅ ላይ ሲቆም ያስፈራል። ይህ ሁሉ ፍርሃት በነጻ እየታደለ፣ ጤነኛ ሰው እንዴት ብሎ ከኪሱ አውጥቶ፣ መጽሐፍ ተከራይቶ ለመፍራት ይቀመጣል? እኔ እቀመጣለሁ። ደግሞም አላፍርበትም። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ክፍል ውስጥ መንፈስ የሚባል ነገር በቀመር እንደማይገኝ አስተምራለሁ፣ ከክፍል ስወጣ መንፈሱን ፍለጋ እሄዳለሁ። አገሬው ከሰዓት በኋላ ጫቱን ይዞ ሲቀመጥ እኔ አስፈሪ ልቦለዴን ይዤ እቀመጣለሁ። ምርቃናው ያው ነው።

ከዚህ ሱስ ጋር ስኖር የደረስኩበት አንድ አቋም አለኝ፤ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ። አስፈሪ መጽሐፍ ፊልም የሆነ ቀን ይሞታል። ለምን ቢሉ፣ መጽሐፉ ጭራቁን አያሳይህማ! «ከበሩ ጀርባ አንድ ነገር ቆሟል» ብሎ ይተውሃል። ያንን አንድ ነገር የምትሠራው አንተ ነህ። በልጅነትህ ካባረረህ ውሻ፣ ከሞተው ጎረቤትህ ሳቅ፣ ከገዛ ኃጢአትህ እየቆነጠርክ ትሠራዋለህ። ስለዚህ በልክህ የተሰፋ ነው። ፊልሙ ግን ጭራቁን አምጥቶ ፊትህ ይገትረዋል። ታየዋለህ፤ ጎማ ነው። ጎማ መሆኑን ካየህ ወዲያ ምን ቀረህ? ሙዚቃውስ ቢሆን? ጭራቁ ገና ሳይመጣ ሙዚቃው ቀድሞ ይናገርበታል። ከደጅ ጀምሮ እያሳለ እንደሚገባ እንግዳ ነው፤ ሁሉም ልብሱን አስተካክሎ ይጠብቀዋል።

ሌላም ችግር አለ። እኛ የከሚሴ ከተማ ሰዎች ከጅን ጋር ጎረቤታሞች ነን። የፈላ ውሃ እንኳ ስንደፋ «ቢስሚላህ» ብለን ነው፤ ድንገት ልጆቻቸው ላይ እንዳይፈስባቸው። እንዲህ ተከባብሮ ለሚኖር ሕዝብ የፈረንጅ አስፈሪ ታሪክ ሲመጣለት ቀድሞ የሚታየው ፍርሃቱ ሳይሆን የባለታሪኩ ብልግና ነው። ሰውየው ጨለማ ቤት ሰተት ብሎ ይገባል። ቢስሚላህ የለ፣ አዑዙ ቢላህ የለ። ከዚያ አነቀኝ፣ ገደለኝ ብሎ አገር ይያዝልኝ ይላል። ታዲያ ጅኑ ምን ሊያደርግልህ ኖሯል?

ይህ የመጨረሻው ትችት እንኳ የእኔ አይደለም፤ የአዳዳ ዘሃራ ነው። አዳዳ በእኛ አካባቢ የአባት እህት ማለት ነው። እሳቸው የሂንዲያ አዳዳ ናቸው እንጂ የእኔ አይደሉም፤ ሰፈሩ ግን በሙሉ እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። ሂንዲያ ደግሞ... እዚህ ላይ ትንሽ ልተንፍስ።

ሂንዲያ እናትና አባቷን በልጅነቷ አጥታ በአዳዳ እጅ ያደገች ልጅ ናት። አዳዳ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ነበራቸው። ሳሙና፣ ብስኩት፣ የባትሪ ድንጋይ ይሸጣሉ፤ ጥግ ላይ ባለችው መደርደሪያ ሂንዲያ የሚከራዩ መጻሕፍት ደርድራለች። ጊዜው ባጃጅ ገና ከሚሴ ያልገባበት፣ ሞባይል ትልልቅ ሰዎች ወገብ ላይ ብቻ የሚታይበት ነበር። እኔ ከኮሌጅ ወጥቼ ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ነው። ከትምህርት ቤት ስወጣ እግሬ ቤቴን አያውቀውም፤ ቀጥ ብሎ ሄዶ ሱቁ ደጃፍ ካለችው አግዳሚ ላይ ይጥለኛል። ለመጽሐፍ ነው እላለሁ። አዳዳም ለመጽሐፍ ነው ይላሉ። ሁለታችንም አላመንነውም።

አዳዳ ፊደል አልቆጠሩም። አንድ ጎረምሳና አንዲት ኮረዳ አንገት ለአንገት ገጥመው መጽሐፍ ላይ ሲያንሾካሹኩ ማየት ደግሞ አልወደዱም። ስለዚህ ሕግ አወጡ፤ መነበቡ ካልቀረ ድምፅ ወጥቶ ይነበብ፣ መንገደኛውም ይስማው። እንዲህ ሆኖ ሂንዲያ ከባንኮኒው ኋላ ቆማ ታነባለች፣ እኔ ደጅ አግዳሚው ላይ ሆኜ እሰማለሁ፣ አዳዳ መሐላችን ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ከተማው ውስጥ የነበረ አስፈሪ ልቦለድ ሁሉ በዚህ ሁኔታ በአደባባይ አለቀ። የሂንዲያን አነባበብ እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? የሚያስፈራው ቦታ ላይ ስትደርስ ሌላው ሰው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ እሷ ዝቅ ታደርገዋለች። ለመስማት ጠጋ ማለት ግድ ነው። ጠጋ ስል አዳዳ ምስሩን ያንጓልላሉ።

ከዕለታት አንድ ቀን ከደሴ ከመጣ ጭነት ጋር ተደባልቆ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የትርጉም መጽሐፍ ገባ። ስሙንም ደራሲውንም ስለማናውቅ «አንኳኪው» አልነው። ታሪኩ ቀላል ነው። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ሴት ልጁን ይዞ አሮጌ ቤት ይከራያል። ደርቡ ላይ በምስማር የታሸገ አንድ ክፍል አለ። ማታ ማታ ከውስጥ ይንኳኳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ይንኳኳል፣ ሰውየው ይሰማል፣ መዶሻውን ያነሣል፣ መልሶ ያስቀምጣል። የደራሲውን ጭካኔ ተመልከቱልኝ፤ በሩን ሳይከፍት መጽሐፉን ሙሉ ይዞን ዞረ።

አዳዳ በንዴት ሊሞቱ ነው። እንዴት ቤት ተንኳኩቶ አንድ ሰው «ማነው?» አይልም? ሰውየው ያስነጥሳል፣ ያልበዋል፣ የሚስቱን ፎቶግራፍ ያቅፋል፤ አንዴ እንኳ «ማነው?» አይልም። ቀጥለው ደግሞ ጥፋቱን ወደ አንኳኪው ያዞሩታል። ደህና ሰው ያሳደገው ጅን ቢሆን እንደ አገሩ ወግ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራ ነበር እንጂ በር አይደበድብም ይላሉ። ብዙ ሐያሲ አንብቤያለሁ፤ የአዳዳን ያህል አንጀት ላይ ጠብ የሚል አላገኘሁም።

አንድ ቀን ሂንዲያ መጽሐፉን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ቤቱ በዓይነ ሕሊናዬ ምን እንደሚመስል ጠየቀችኝ። ወደ ጨፋ ሮቢት መውጫ ላይ ያለው፣ ጣሊያን የሠራው ነው የሚባለው ባለ እንጨት ደርብ ቤት እንደሚመጣብኝ ነገርኳት። ሳቋን ለቀቀችው። ለካ ለእሷም የሚመጣባት እሱ ነው! የታሸገችው ክፍል ሳትቀር አንድ ናት፤ መስኮቷ የተሰበረው፣ ነጋዴዎች ማሽላ የሚያከማቹባት። አዳዳ ከመሐል ገብተው፣ እዚያማ የሚያንኳኳው አይጥ ነው አሉ። እኛ ግን አልሰማናቸውም። ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ አንድ ቤት ውስጥ ሲገናኙ ምን እንደሚባል የእኔ የፊዚክስ መጽሐፍ አይናገርም። ያን ቀን ልቤ ተነሥቶ ሄደ። አፌ ግን አብሮት አልሄደም።

በመጨረሻ ሰውየው ቆረጠ። መዶሻውን ይዞ ደርቡን ወጣ፣ የመጀመሪያውን ምስማር ያዘ። ልክ እዚህ ላይ የሂንዲያ ቪዛ መጣ። የእኛ አገር ልጅ ሳዑዲ መሄዷ እንደ ክረምት ነው፤ መምጣቱን ሁሉም ያውቃል፣ የመጣ ቀን ግን ጣራውን የጠገነ የለም። ኮንትራቱ የሁለት ዓመት ነው ተባለ። የመሄጃዋ ዕለት ጧት ስደርስ ሂንዲያ መጽሐፉን በላስቲክ ጠቅልላ ለአዳዳ አስረክባለች።

«ቀሪውን ስመጣ እናነበዋለን» አለችኝ። «ብቻህን እንዳታነብ። ማንም እንዳይነግርህ። ወላሂ በል ሙሄ።»

ወላሂ አልኩ። ሌላም የምለው ነበረኝ። ግን አዳዳ አጠገባችን ነበሩ፣ መኪናው ጡሩምባ ይነፋ ነበር፣ ረዳቱ ሻንጣ ይጭን ነበር። ምክንያት ለፈለገ ሰው መናኸሪያ ምክንያት አጥቶ አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ ስልክ ነው። አልፎ አልፎ ለአዳዳ ትደውላለች፤ እኔም በአጋጣሚ እገኛለሁ። እንዴት ያለ አጋጣሚ እንደሆነ አትጠይቁኝ። አዳዳ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ሶላቷ፣ ስለ አሠሪዋ ጠይቀው ጠይቀው ሲደክማቸው ስልኩን ያቀብሉኛል። እሷም «አሁንም እየተንኳኳ ነው?» ትለኛለች። «እየተንኳኳ ነው» እላታለሁ። «አልከፈትክም?» «አልከፈትኩም።» እንዲህ ስንባባል ካርዱ ያልቃል። ሰው ይህን ያህል ባሕር አሻግሮ ስለ አንድ የእንጨት በር ብቻ ያወራል? እኛ አወራን። ናፍቃኝ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም። ናፍቀሽኛል ማለት ግን በአዳዳ ፊት አይባልም፤ እየተንኳኳ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለቱ ዓመት አለቀ። ኮንትራቱ ታደሰ። እንደገና ታደሰ። ባጃጅ ከሚሴ ገባ፣ ከባጃጁ ኋላ ደግሞ የአንኳኪው ፊልም ገባ።

ፊልሙን ያመጣው ሰይዶ ነው። ሰይዶ በቆርቆሮ የተሠራ ቪዲዮ ቤት አለው፤ ከሰዓት በኋላ ወጣቱም ሽማግሌውም አግዳሚው ላይ ተጣቦ ያያል። ሰይዶ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ በአርጩሜ እያመለከተ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ ይተረጉማል። ፊልሙ የእኛ መጽሐፍ መሆኑን ያወቅኩት በተማሪዎቼ ነው። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከኋላ ዴስክ መንኳኳት ጀመረ። ማነው ብዬ ስዞር፣ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ «ከውስጥ ነው ቲቸር!» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኑሮዬ ስደት ሆነ። ፊልም ያየ ሰው መጨረሻውን ካልተናገረ ሆዱን ያመዋል። ፀጉር አስተካካዬ መቀሱን ይዞ፣ ክፍሉ ውስጥ የነበረችው የሞተችው ሚስቱ... ብሎ ሲጀምር ግማሽ ራሴን ተቆርጬ፣ ፎጣውን አንገቴ ላይ እንዳሰርኩ ወጥቼ ሄድኩ። ባጃጅ ስሳፈር ነጂው ክፍሉ ውስጥ ካለ ሣጥን ሙሉ ወርቅና ከአንድ እባብ ጋር ሊያገናኘኝ ሲሞክር መንገድ ላይ ወረድኩ። የፊልሙን መጨረሻ የተነፈሰ ተማሪ ከፈተናው ይቀነስበታል ብዬ አወጅኩ። ርዕሰ መምህሩ አስጠርቶ፣ ይህ ነገር የትኛው የፊዚክስ ምዕራፍ ውስጥ እንዳለ በትሕትና ጠየቀኝ። የድምፅ ሞገድ ነው አልኩት፤ ማንኳኳት ድምፅ አይደለም እንዴ?

ቆየት ብዬ ግን ማሰብ ጀመርኩ። አንዱ የሞተች ሚስት ይላል፣ አንዱ ወርቅና እባብ ይላል፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ደግሞ ባዶ ነበር፣ ነፋስ ነው ይላል። ይህ ሁሉ ዕቃ እንዴት አንድ ክፍል ውስጥ ይገባል? ነገሩ የተገለጠው ፀጉር አስተካካዩና ባለ ባጃጁ መንገድ ላይ አንገት ለአንገት ተያይዘው፣ ዳኛ ይሁነን ብለው ሰይዶ ዘንድ የሄዱ ቀን ነው። ሰይዶ ወላሂ ብሎ እውነቱን አወጣ። ለካ ሰውየው መዶሻውን ሲያነሣ የከሚሴ መብራት ይሄዳል! ሁልጊዜ። ፊልሙ ከተጀመረ ወዲህ መጨረሻው ላይ ደርሶ አያውቅም። ተመልካቹ የመግቢያውን መልስ እንዳይለው ሰይዶ የእጅ ባትሪ አብርቶ ቀሪውን ከራሱ ይናገራል፤ እንደ ሰዉ ዓይነት። ለባለትዳሮች ሚስትየዋን ያወጣል፣ ከባቲ ገበያ ለሚመለሱ ነጋዴዎች ወርቁን ያወጣል፣ የሰለቸው ቀን ባዶ ነው ብሎ ይሸኛቸዋል። እሱ ራሱ መጨረሻውን አያውቀውም።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! እኔ ብቻዬን የምጠብቅ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከተማው በሙሉ በሩ ላይ ቆሟል።

በዚሁ ተደፋፍሬ አንድ ከሰዓት እኔም ገባሁ። እስከ መዶሻው ድረስ አይቼ ልወጣ ነው። ምን አየሁ? ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ደጁ ሣር በሣር የሆነ፣ አምፖሉ የማይቆጠር ቤት። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ቢንኳኳ ደወል የጠፋበት ፖስተኛ ነው እንጂ ማን ይሆናል? ማሽላው የለም፣ የተሰበረው መስኮት የለም፣ የጨፋ ሜዳ በመስኮቱ አይታይም። ተመልካቹ ብቻ የከሚሴ ነበር። አንዴ በተንኳኳ ቁጥር «ማነው በል! ቢስሚላህ በል!» ብሎ ይጮኻል። እኔ ግን ሂንዲያ ድምፅዋን ዝቅ የምታደርግበት ቦታ ሲደርስ ፊልሙ ሙዚቃውን ሲያንባርቅብኝ አላስቻለኝም። ተነሥቼ ወጣሁ።

በቀጣዩ ስልክ ይህንኑ ነገርኳት። እሷም እዚያ አይታዋለች፤ አሠሪዎቿ ሲያዩ እሷ ጥግ ላይ ልብስ ስትተኩስ።

«ቤቱ የእኛ አይደለም ሙሄ» አለች። ከዚያ አለቀሰች። ለአዳዳ ያላለቀሰችውን ነው የምታለቅሰው። እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ፣ ልክ እንደዚያ ሰውዬ፣ ምንም ሳልል ቆምኩ።

በመጨረሻ መጣች። ለጥቂት ሳምንት ፈቃድ ነው። ሳምንቶቹን ዘመድ በላቸው፤ ቤቱ ከጧት እስከ ማታ ሰው ነው፣ አሸኛኘቱ ሳይቀር ከአቀባበሉ ጋር ተገጣጠመ። አግዳሚዋ ላይ የመቀመጥ ዕድል ያገኘሁት ሐሙስ ቀን ነው፤ ቲኬቷ ደግሞ የቅዳሜ ነው። ከስታለች፣ ጥቁር አባያ ለብሳለች፣ ድምፅዋ ግን ያው ነው። አዳዳ መጽሐፉን ከነላስቲኩ ከሣጥን አውጥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩትና እንደ ድሯቸው መሐላችን ተቀመጡ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ምስሩን አሁን በጣታቸው እየዳበሱ ነው የሚለቅሙት።

ሂንዲያ ላስቲኩን አልፈታችውም። መጽሐፉን እያየች፣ ያኔ ከመሄዷ በፊት ብቻዋን ተቀምጣ እስከ መጨረሻው እንዳነበበችው ነገረችኝ። ያን ሁሉ ዓመት ታውቀው ኖሯል! ታዲያ ለምን አስጠበቅሽኝ አልኳት።

«የሚጠብቀኝ ሰው እንዲኖር» አለች።

ይህን ሰምቶ ሌላ ሰው ቢሆን ምን ይል ነበር? ብዙ የሚባል ነገር አለ። እኔ ግን መሬት መሬት አየሁ። ልንገርህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይ፣ አሁንም ስትመጪ አልኳት። ትልቅ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር፤ ታማኝነቴን ታይልኝ ብዬ ነው።

አዳዳ ሰፌዱን አስቀመጡ። እሳቸው ሌላ ኮንትራት የሚጠብቁበት ዕድሜ እንደሌላቸው፣ ለእሳቸው አሁኑኑ በጆሯቸው እንድትነግራቸው አዘዙ። ሂንዲያ ጎንበስ ብላ አንሾካሾከችላቸው። እኔ እንዳልሰማ ጆሮዬን ደፈንኩ። አዳዳ ሰሙ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ ዞረው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ይህን ልትሰማ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተገተርከው?» አሉኝ። «ያ ፈሪ እንኳ በስተመጨረሻ ምስማሩን ነቅሏል። አንተ ግን ሽማግሌ ብትልክ ኖሮ ይሄኔ መጽሐፉን ለልጆችህ ታነብ ነበር።»

ሂንዲያ ቀና አላለችም። ግን አልተቆጣችም፤ ይህን አይቻለሁ፣ ማንም አይከራከረኝ። ፊቷን በሻሿ ሸፈን አድርጋ ወደ ውስጥ ገባች።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹን ላክሁ። ከመስጊዱ በር ላይ ነው የለመንኳቸው፤ ጫማቸውን በወጉ ሳያጠልቁ ነው የሄዱት። እኔ መናኸሪያው ማዶ ቆሜ የሱቁን በር አያለሁ። አስፈሪ መጽሐፍ ምን እንደሆነ አሁን ገና ገባኝ፤ እስከዚያ ድረስ ያነበብኩት ሁሉ ተረት ነው።

ብዙ ሳይቆዩ ወጡ። ታላቅየው ሽማግሌ እጄን ይዘው፣ በክብር እንደተቀበሏቸው፣ እንደተመራረቁ፣ ልጅቷም እንዳላስከፋት ነገሩኝ። ነገር ግን ወጉን ታውቀዋለህ ልጄ፣ በመጀመሪያ ቀን እሺ ከተባለ ልጅ የረከሰች ትመስላለች፤ ባቲ ያሉት አጎቷ መጠየቅ አለባቸው፤ እሳቸው ደግሞ ከሰኞ ገበያ በፊት አይገኙም። በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ ተብለናል አሉ። ቅዳሜ ትሄዳለች እኮ አልኩ። እኛም ብለናል አሉ። ታዲያ አዳዳ ምን መለሱ?

ሽማግሌው ሳቃቸውን ማፈን አቃታቸው። አዳዳ ዘሃራ ሰፌዳቸውን እያንጓለሉ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው ተርተው፣ ቀጥለው እንዲህ ብለው ጠየቋቸው አሉኝ፦

«ለመሆኑ ይህን ልጅ እንዲህ ምን አስቸኮለው?»